ከፍትፍቱ ፊቱ፦ እንግዳን ስለሚጠብቅ ድስት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጓዳ ነው። ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾምና ስለ አምልኮ ከመድረክ ብዙ ይባላል። ምግብ ስለሚበስልበት ክፍል ግን እኛ አገልጋዮች እምብዛም አናነሣም። ሆኖም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች በምንኖር አማኞች መካከል ኅብረት የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በአብዛኛው እዚያ ነው። እንግዳ መቀበል ከጓዳ ይጀምራልና።

አንዲት እህት ከገና በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ፓስተር፣ ለበዓሉ አገራቸው ያልሄዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ልጠራ አስቤ ነበር። ግን ዶሮ ሳልሠራ ምን ብዬ ልጥራ? ዶሮውን ደግሞ አቅሜም ጉልበቴም አልቻለው። ተውኩት።» ልጆቹም በዓሉን በዶርማቸው ዋሉ።

ይህች እህት ንፉግ አይደለችም። በሯን የዘጋባት ይሉኝታ ነው። «ምን አቀረበች ይሉኛል» የሚለው ሐሳብ ከኪሷ በላይ ከበዳት። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ቤቶች አሉን። ኑሮው በተወደደ ቁጥር የእንግዳ ክብር መለኪያ ግን ዝቅ አላለም። ስለዚህ እንግዳው ቀረ። በእኔ እምነት መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፦ በሩ ከሚዘጋ ወጡ ይቅለል። ሌላም እጨምራለሁ፦ ያበሰለችው እህት አብራን ካልተቀመጠች ማዕዱ ገና አልሞላም።

ሰው የማይጠብቅ ወጥ

ዶሮ ወጥን ለማጣጣል አልተነሣሁም። የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የሚጠይቀውን እንቁጠር። ወንዱ ደጅ ላይ ያርዳል፤ የእሱ ድርሻ በአብዛኛው እዚያ ያበቃል። ከዚያ ላባ መንጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ 12 ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አለ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይከተፋል፣ እየተማሰለ ለሰዓታት ይበስላል። በርበሬው ይቁላላል፣ ንጥር ቅቤው ይገባል፣ ሥጋው በየተራው ይጨመራል፣ እንቁላሉ ይቀቀላል፣ መጨረሻ ላይ መከለሻው ይነሰነሳል። ቁሌቱን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ያርራል። ይህ ድስት ሰው አይጠብቅም፤ ሰው ነው እሱን የሚጠብቀው።

በዚህ ምክንያት በትንሣኤ ማለዳ «ተነሥቷል» ብለን ስንዘምር ከእህቶቻችን ብዙዎቹ ጭስ ውስጥ ናቸው። የትንሣኤን ዜና መጀመሪያ የሰሙት ሴቶች መሆናቸውን እየሰበክን፣ የዛሬዎቹን ሴቶች ስብከቱ ያመልጣቸዋል። እንግዳ አገልጋይ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ጉባኤው ቃሉን ሲሰማ የመስተንግዶ ክፍል እህቶች ከአዳራሹ ጀርባ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ገና ጌታን ያላወቀች፣ እሑድ ጠዋት ወጥ እንድትጠብቅ ትቀራለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ለአምልኮ ይወጣል። ወንጌል ለመስማት ከእኛ ቤት የተሻለ ቦታ ለማን ነበረ?

ዘዳግም 5፥14 ስለ ሰንበት ሲያዝ አንድ ምክንያት ለይቶ ያነሣል፦ ባሪያውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ። ዕረፍት የባለቤቱ ብቻ ከሆነ የእግዚአብሔር ሐሳብ አልተፈጸመም ማለት ነው።

ከሰንበት የተወለደ ድስት

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ስሎው ኩከር የሚባል የኤሌክትሪክ ድስት አይታችሁ ይሆናል። አሁን አሁን ለዘመድ በስጦታ እየተላከ እኛም ጋ መድረስ ጀምሯል። ከውስጥ የሸክላ ወይም የሴራሚክ ድስት አለው፤ ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ በክዳን ይዘጋል። ጠዋት የተከተተበት ከሰዓት ይደርሳል፤ መሐል ላይ ማማሰል አያስፈልገውም።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ደስ ይላል። የሠራው ኧርቪንግ ናክሰን የተባለ በአሜሪካ የኖረ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ የመጣለት እናቱ ስለ አገሯ ሊትዌንያ ከነገረችው ነው። በቪልና ከተማ የነበሩ አይሁድ በሰንበት እሳት አያነዱም ነበርና ቾለንት የሚባለውን የባቄላና የሥጋ ወጥ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ይወስዱታል። ምድጃው በቀረው ሙቀት ሌሊቱን ሲያበስለው ያድራል፤ ቅዳሜ ከጸሎት ሲመለሱ ትኩስ ምግብ ይጠብቃቸዋል። ናክሰን ያንን ምድጃ በኤሌክትሪክ ድስት ተካው። በኋላ ሌላ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በ1971 እ.ኤ.አ. ክሮክ ፖት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ በዓለምም ታወቀ።

እንግዲህ ይህ ድስት የተወለደው ከስንፍና አይደለም። ያበሰለችው እናት ከሁሉ ጋር ወደ እግዚአብሔር ፊት እንድትወጣ ከተፈለገ ልማድ ነው የተወለደው። በዘጸአት 16 እግዚአብሔር በስድስተኛው ቀን እጥፍ መና ሲሰጥ፣ የሚጋገረውን አስቀድመው እንዲጋግሩ የሚቀቀለውንም አስቀድመው እንዲቀቅሉ ያደረገው ስለዚሁ ነው። በነገው ቀን ሁሉም እንዲቀመጥ የዛሬው ሥራ ቀደመ።

ዶሮ በክሬምና በፓስታ

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ምግብ ላሳያችሁ። ፓስታ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጣሊያን መጥቶ የልጆቻችን ምሳ ዕቃ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ለስድስት ሰው ያህል አንድ ኪሎ ገደማ የዶሮ ሥጋ፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሦስት አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠልና ሁለት ብርጭቆ ውኃ ወይም መረቅ ያስፈልጋል። ሁሉንም በስሎው ኩከሩ ውስጥ ጨምሮ መክደን ነው። የፈረንጅ ዶሮ በዝቅተኛው ሙቀት ስድስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀስ ያለ ሙቀት ግን የሚስማማው እሱ ነው፤ ጅማቱ ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ መረቁም ይጣፍጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በረዶ የሆነ ዶሮ በቀጥታ አይግባ፤ ለብ ባለ ሙቀት ረጅም ሰዓት ሲቆይ ጀርም ይራባበታል። ሥጋው በስሏል የሚባለው መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ሁለተኛ፣ ክሬሙ ከመጀመሪያው አይግባ። ወተትና ክሬም ለረጅም ሰዓት ሲሞቁ ይቋጠራሉ፤ ስለዚህ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት አንድ ብርጭቆ ይጨመራል። ክሬም በመርሳ ገበያ ካልተገኘ ሦስት ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት በቅቤ አቁላልቶ፣ በሁለት ብርጭቆ ወተት እያማሰሉ አጥብቆ መጨመር ይቻላል። ሦስተኛ፣ ግማሽ ኪሎ ፓስታ ለብቻው ተቀቅሎ ከመቅረቡ በፊት ይደባለቅ፤ ከጠዋት ጀምሮ አብሮ ከዋለ ገንፎ ይሆናል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፓስታው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር አትደነቁ።

ይህን ሁሉ ለማሰናዳት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሽንኩርቱም ሁለት ኪሎ አይደለም፤ አንድ ራስ ነው።

መብራት ከሌለስ?

«ፓስተር፣ ይህ ለመብራት ያልተቸገረ ሰው ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ ያለ መብራት የኖርነውን ማንም አልረሳም። መብራት ሲኖር ስሎው ኩከር የሚወስደው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ከ150 እስከ 300 ዋት ነው፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። መብራት ከሌለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ።

ሰፊ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ፤ ጭድ ለሀብሩ ገበሬ ብርቅ አይደለም። ዶሮውን በወፍራም ድስት ከነመረቁ በደንብ አፍሉት፤ 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ በጭዱ መሐል አስቀምጡት፣ በአሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ላዩንም ጭድ አልብሱት። የያዘው ሙቀት ለአራትና አምስት ሰዓት ያበስለዋል። ድስቱ ሞላ ያለ ይሁን፤ ትንሽ ምግብ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከአምልኮ ስትመለሱ ከመቅረቡ በፊት እንደገና አፍሉት። በአውሮፓ በጦርነት ዘመን ማገዶ ሲጠፋ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ዘዴ አብስሏል። አንድ አደራ ግን፦ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ፣ አጠገቡም አትተኙ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

ማርታ ምን ሆነች?

በሉቃስ 10፥38–42 ያለውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ማርታን እንወቅሳለን፤ ከስብከቱ በኋላ ግን ማርታ ያበሰለችውን ተቀምጠን እንበላለን። ጌታ ምግብ አልናቀም። በገሊላ ሠርግ ታድሟል፣ ከቀራጮች ጋር በልቷል። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ደቀ መዛሙርቱ ደክመው ሲመጡ፣ የከሰል እሳት አንድዶ ዓሣና እንጀራ አሰናድቶ የጠበቃቸው እሱ ራሱ ነው (ዮሐ. 21፥9–12)። የትንሣኤ ጌታ ቁርስ ሠራ። ከዚህ በኋላ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» ለሚለው ወንድም የምጨምርለት ቃል የለኝም።

ለማርታ የተነገራት በብዙ ነገር መጨነቋና መታወኳ ነው። ያስጨነቃት ብዛቱ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ አገልግሎቷን በግሪክኛ ዲያኮኒያ ይለዋል። ይኸው ቃል በሐዋርያት ሥራ 6 ለመበለቶች የሚታደለውን የዕለት ምግብ ይገልጻል፤ ሐዋርያት ለሚያገለግሉት ቃልም ያንኑ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ የማዕድ አገልግሎት ከመድረክ አገልግሎት ጋር አንድ ስም አለው። በዚያ ምዕራፍ ማዕዱን እንዲያገለግሉ የተመረጡት መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ወንዶች መሆናቸውንም አንርሳ። ከእነርሱ አንዱ እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ፤ ፊልጶስ ደግሞ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ወንጌልን ሰበከ። ወንጌልን ለኢትዮጵያዊው የነገረው ሰው አስቀድሞ ማዕድ ያገለገለ ሰው ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች ይህንኑ ምዕራፍ ጠቅሰው «ቃሉን ትተን ማዕድ ማገልገል አይገባንም» ይላሉ። ሐዋርያት ይህን ያሉት ሥራውን በሴቶች ላይ ጥለው ለመሄድ አልነበረም፤ ለተሾሙ ወንዶች በአደራ ሰጡት። በቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሲመጣ ሽንኩርት የሚልጥ ሽማግሌ ቢታይ ክብሩ አይቀንስም፤ የመጽሐፉን ሥርዓት ፈጸመ እንጂ።

እርስ በርስ መጠባበቅ

የቆሮንቶስ አማኞች ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያላቸው ቀድመው ይበሉ ነበር፤ የሌላቸው ደግሞ እየተራቡ ይቆዩ ነበር። ጳውሎስ ገሠጻቸውና ለመብላት ሲሰበሰቡ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 11፥20–34)። በዚያ ቦታ የገባው የግሪክኛ ግስ «መጠበቅ» ማለት ነው፤ «መቀበል» የሚል ትርጉምም ስላለው አንዳንድ ተርጓሚዎች «ተቀባበሉ» ብለው ይረዱታል። ሁለቱ ሐሳቦች የተለያዩ አይመስሉኝም። እንግዳን መቀበል ማለት እሱን መጠበቅ ነው። ያበሰለችውን እህት መጠበቅም እሷን መቀበል ነው። በብዙ ቤታችን ግን እንግዶች ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እሷ ገና ከምድጃው አጠገብ ናት፤ የምትበላው የተረፈውን ነው። ይህን ልማድ ትሕትና ብለን ከምንጠራው ይልቅ ቆሮንቶሳዊ ብንለው ይሻላል።

መጠባበቅ በእኛ በወሎ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ዕድር የምንገባ፣ ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶች በሥጋ ላይ ግን ቢላችን ይለያያል። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። ለዚህ ነው በሠርግ ለሙስሊም እንግዶች አራጁም ድስቱም ለብቻ የሚዘጋጀው። የኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ዶሮም ክሬምም አይነካም። ጳውሎስ በሮሜ 14 እንዳስተማረው ነጻ ነኝ ብዬ በመብል ምክንያት ወንድሜን ባሳዝን በፍቅር አልተመላለስሁም። ስለዚህ ጎረቤት ስትጠሩ አስቀድማችሁ አስቡ። ያው ድስት ያለ ዶሮና ያለ ክሬም በሽምብራ፣ በቲማቲም፣ በካሮትና በዘይት ይሠራል፤ ሽምብራው ከዋዜማው ይዘፍዘፍ። ፓስታ በአትክልት የጾመኛውንም የሙስሊሙንም ሕሊና አይነካም። የእንግዳህን ሕሊና ማክበር የወንጌል ግማሽ መግቢያ ነው።

ከሌላ እምነት መጥተው ጌታን የተቀበሉ ወገኖችንም አስቡ። አንዳንዶቹ በበዓል ቀን ከወላጆቻቸው ማዕድ ተለይተው ይውላሉ። እኛ «ቤተሰብ ነን» ብለን በእሑድ እንጨብጣቸዋለን፤ በበዓሉ ቀን ግን ስልካቸው አይጮኽም። የተጨበጠ እጅ ካልጎረሰ ቤተሰብነቱ ያልተሟላ ነው።

«ባለሙያ» ማን ናት?

በአማርኛችን ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች። ምስጋናው ተገቢ ነው። ግን ይህ ቃል ለአንዳንድ እህቶች ሸክም ሆኗል። ቀለል ያለ ምግብ ካቀረበች ሙያ እንደሌላት ይቆጠርባታል ብላ ትፈራለች። እኔ የምላት፦ እህቴ፣ ሙያሽን ያየ ሁሉ ያደንቅሽ፤ ነገር ግን እንግዳሽ ከወጥሽ ይልቅ አንቺን ይፈልጋል። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት የተራበ ሰው እንኳ የሚያስበው የባለቤቱን ፊት መሆኑን ስላዩ ነው። ምሳሌ 15፥17ም ፍቅር ባለበት የጎመን ወጥ ጥል ካለበት የሰባ በሬ እንደሚሻል ያስተምራል። በቁሌት የደከመ ፊት ይፈታ ዘንድ ከባድ ነው።

ዶሮ ወጡም ይቅር አላልሁም። በዓመት በዓል ይሠራ፤ ነገር ግን ላባውንም ሽንኩርቱንም ወንዶች ልጆችና ባሎች ይካፈሉት፤ ከዋዜማው ያልቅና ጠዋት ሁሉም ለአምልኮ ይውጣ። በሌላው ጊዜ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ቀለል ያለ ድስት ጥዱ፤ በመብራትም ይሁን በጭድ። የቤት ሠራተኛዋንም ይዛችሁ ወደ ጉባኤ ሂዱ። ስትመለሱ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዛችሁ ግቡ፦ ቤተሰቡ የራቀ ተማሪ፣ አዲስ አማኝ፣ የተፈናቀለ ወገን፣ ወይም ስለ ጌታ እየጠየቀ ያለ ጎረቤት። ምግቡ ቀድሞ ደርሷል። የቀረው መቀመጥ ነው፤ ያበሰለችውም ትቀመጥ፤ ባርካችሁ አብራችሁ ጀምሩ።

በደጅ ቆሞ የሚያንኳኳው ጌታ በሩን ለሚከፍትለት አብሮት እራት እንደሚበላ ተናግሯል (ራእይ 3፥20)። ምን እንደሚቀርብለት አልጠየቀም። እናንተም ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆች፣ በዚህ ጌታ ማዕድ ለእናንተ የተጠበቀ ቦታ አለ።

አባት ሆይ፣ ከይሉኝታ ነጻ አውጣን። በጓዳችን ያሉትን እህቶች እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። ደጃችንን ለምትልከው ሁሉ ክፍት አድርግ። በኢየሱስ ስም። አሜን።